በግቢ ንጣፍ ላይ ስለሚጋገረው ነጭ ቅርፊት

በጉና ተራራ ዙሪያና በደብረ ታቦር ለደጅና ለግቢ የሚነጠፈው ጥቁር ደንጊያ በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ የረጋ ነው። በላዩ ነጭ ቅርፊት ሲጋገርበት ደንጊያው ያረጀ ይመስላል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ዝናም በኖራ ወይም በሲሚንቶ መጋጠሚያ ሲያልፍ ኖራውን አሟሙቶ ያወጣል፤ ውሃው በፀሐይ ሲደርቅ ኖራው ይቀራል።

ይህንም ለመለየት የሎሚ ጭማቂ ጠብ ማድረግ ነው፤ አረፋ ቢያወጣ ኖራ ነው። ከዚያም ንጣፉን በውሃ አርሶ፥ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ አፍስሶ፥ ጥቂት ካቆዩ በኋላ በጠንካራ መጥረጊያ አሽቶ በብዙ ውሃ ማጠብ ይገባል። ቅርፊቱ ወፍራም ቢሆን ሥራውን መድገም ነው። ንጣፉ ራሱ የኖራ ደንጊያ ቢሆን ግን ሎሚ ይበላዋልና በውሃ ብቻ ይታጠብ። በረኪናን ከሎሚ ወይም ከኮምጣጤ ጋራ መቀላቀል ነፍስ የሚያጠፋ መርዝ ያወጣልና ፈጽሞ አይገባም።

አረንጓዴው የደንጊያ ሽበት በዝናም ጊዜ ሕፃናትንና ሽማግሎችን ያንሸራትታልና በውሃና በመጥረጊያ ይነሣ፤ በብረት ግን አይፋቅ። ጽሕፈት ያለበትን ደንጊያ በብረት መፋቅ የአባቶችን ስም መፋቅ ነው።

የአሮጌ ሕንፃ መጋጠሚያ ቢከፈትም በሲሚንቶ አይደፈን፤ ሲሚንቶ እርጥበትን ያፍናል። በጎንደር በፋሲል ግቢ በኢጣልያኖች ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም.፥ ለጥገና ሲሚንቶ ገብቶ ነበር፤ በኋላ ግን ጠጋኞች በፈንታው እንደ ቀድሞው ኖራ መልሰዋል።

እንግዲህ አስቀድሞ የውሃውን መውረጃ ማበጀት ይሻላል፤ ውሃው መንገዱን ካልለወጠ ቅርፊቱ በየክረምቱ ይመለሳልና።