ተማሪን የሚጥለው የትኛው ቃል ነው?

እንግሊዝኛ የማስተምረው 9ኛና 10ኛ ክፍል ነው። ትምህርት በተከፈተ ቁጥር አንዳንድ ጎበዞች ትንንሽ ደብተር ይዘው ይመጣሉ፤ ከዶክተር አምሳሉ አክሊሉ መዝገበ ቃላት ላይ ከ«ኤ» ጀምሮ በተርታ የተገለበጠ ነው። ልፋቱን አደንቃለሁ። ደብተሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ «ዲ» ላይ ሳይደርስ ይቆማል።

አንዱ «ዩቢኩዊተስ» የሚለውን ሸምድዶ ይፎክርበት ነበር። የፊዚክስ ጥያቄ «አሱም» (እንበል) ብሎ ጀምሮ ሰበቃው «ኔግሊጀብል» ነው ሲለው ግን ቀመሩን አንድ በአንድ እያወቀ የሰበቃውን ኃይል ሲፈልግ ግማሽ ገጽ ጨረሰ። ከቁጥር አይገባም፣ ተወው ማለቱ እንደሆነ ቢገባው በሁለት መስመር ይጨርሰው ነበር።

አብዛኛው ትምህርት በእንግሊዝኛ በሚሰጥበት ደረጃ ተማሪን የሚጥሉት እንዲህ ያሉት፣ ከመጽሐፍ መጽሐፍ የሚመላለሱት ቃላት ናቸው። የኒውዚላንዷ የቋንቋ ምሁር አቬሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 እነዚህን ለቅመው 570 የቃል ቤተሰብ አውጥተዋል፤ «አናላይዝ» እና «አናሊስስ» እንደ አንድ ይቆጠራሉ፣ «አሱም»ም እዚያው ውስጥ አለ። በትምህርት ጽሑፍ ላይ ከዐሥር ቃል አንዱ ገደማ ከዚህ ዝርዝር ነው። በሳምንት ዐሥር ዐሥር ቢያዝ ከዓመት ብዙም ሳያልፍ ያልቃል። ታዲያ ከ«ኤ» እስከ «ዜድ» ምን አስኬደን?

አያያዙ ላይ የጫማ ካርቶን ይበቃል። ጀርመናዊው ጋዜጠኛ ሰባስቲያን ላይትነር እ.ኤ.አ. በ1972 ያስተዋወቁት ዘዴ ነው፦ ካርቶኑን በወረቀት ትከፍሉታላችሁ፤ ቃሉ በካርዱ ፊት፣ ፍቺው በጀርባ ይጻፋል። ያስታወሳችሁት ካርድ ወደ ኋለኛው ክፍል ያልፋል፣ ከቀናት በኋላ ይጠየቃል። የጠፋባችሁ ወደ ፊተኛው ተመልሶ ነገ ይጠየቃል። ካርዱ ላይ ፍቺ ብቻ አትጻፉ፤ ቃሉን ያገኛችሁበትን ዐረፍተ ነገር ከባዮሎጂው ወይም ከጂኦግራፊው መጽሐፍ እንዳለ ገልብጡት። ቃል ብቻውን አይኖርም፤ ለዝናብ «ሄቪ» እንጂ «ስትሮንግ» እንደማይባል ፍቺው አይነግራችሁም። (ስልክ ላይ ይህንኑ የሚሠሩ አፖች አሉ፤ ለእኔ ግን በእጅ የተጻፈው ይበልጣል።)

ወላጆች፣ ወፍራም መዝገበ ቃላት ከመግዛታችሁ በፊት የልጃችሁን የፊዚክስ መጽሐፍ ከፍታችሁ አንድ አንቀጽ አስነብቡት። የሚደናቀፍባቸውን ቃላት አስምሩ፤ ከእነሱ ይጀምር።