ከይዋስፍ መጽሐፍ እስከ ሲኒማ፤ የቡድሃ ትምህርት በፊልም ስለሚገለጥበት መልክ

በአዲስ አበባ ከተማ በቂርቆስ በኩል የሚገኘው የላንቻ ሰፈር ስሙን የወረሰው ከኢጣሊያ የመኪና ፋብሪካ ነው። ነገር ግን ዛሬ «ቤቴ ላንቻ ነው» የሚል ሰው የአገሩን ቃል እንጂ የባዕድ ቃል የሚናገር አይመስለውም። በዚህችው ከተማ የቪዲዮ ቤት በየሰፈሩ በበዛበት ዘመን ከሩቅ ምሥራቅ የመጡ ፊልሞች ይታዩ ስለ ነበር፣ ራሱን ተላጭቶ ያለ መሣሪያ የሚዋጋው የሻኦሊን መነኩሴ ለብዙ ተመልካች የታወቀ ነው። የመነኩሴው ሃይማኖት ግን ከውጊያው ጀርባ ተሸፍኖ ቀርቷል። ስሙም አልረዳውም፤ «ቡድሃ» የሚለው ቃል በአማርኛ ጆሮ ሲሰማ ሰውን በዓይኑ የሚበላውን «ቡዳ» ያሳስባልና። ሁለቱ ቃላት ዝምድና የላቸውም፤ የሳንስክሪቱ ቃል ትርጓሜው «የነቃ» ማለት ነው።

የቡድሃ ትምህርት በፊልም ሲገለጥ አንዳንድ ጊዜ እጅግ የሚያስፈራ፣ አንዳንድ ጊዜም እጅግ ጸጥ ያለ ሆኖ ይገኛል። ይህ ለምን እንደ ሆነ፣ ኢትዮጵያዊውም ተመራማሪ በእጁ ባለው ዕውቀት እንዴት ሊመዝነው እንደሚችል መመርመር የዚህ ጽሑፍ አሳብ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው የቡድሃ ታሪክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በሲኒማ አለመሆኑ ነው። የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ አባ ዕንባቆም «በረላምና ይዋስፍ» የተባለውን መጽሐፍ በ1553 ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሱት። አባ ዕንባቆም ከየመን የመጡ፣ አስቀድሞ የእስልምና ተከታይ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ሥራውንም የሠሩት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ የግራኝ ጦርነት ካበቃ ከዐሥር ዓመት በኋላ ነው። በመጽሐፉ እንደ ተተረከው አንድ የሕንድ ንጉሥ ልጁ ይዋስፍ ሕመምንና ሞትን እንዳያውቅ በቤተ መንግሥት ዘግቶ ያሳድገዋል። ልጁ ግን አንድ ቀን ወጥቶ ድውይንና ዕውርን፣ ኋላም የጃጀ ሽማግሌን ያያል። ነጋዴ መስሎ የመጣው መናኙ በረላም ያስተምረዋል፤ በመጨረሻም ዘውዱን ትቶ ይመንናል።

ይህ የሲድሃርታ ጎታማ ታሪክ እንደ ሆነ ስሙ ራሱ ይመሰክራል። «ቦዲሳትቫ» በዐረብኛ «ቡዳሳፍ» ተባለ፤ በዐረብኛ ጽሕፈት የ«ብ»ና የ«ይ» ፊደላት በነጥብ ብቻ ስለሚለያዩ «ዩዳሳፍ» ተብሎ ተነበበ፤ በጆርጂያና በግሪክ ቋንቋዎች በኩል አልፎ፣ ክርስትናም ተነሥቶ፣ እንደ ገና ወደ ዐረብኛ ከተመለሰ በኋላ በግእዝ «ይዋስፍ» ሆነ። እንግሊዛዊው ዋሊስ በጅ የግእዙን መጽሐፍ በ1923 ሲያሳትም ይህንኑ ዝምድና በርእሱ ላይ ገልጾታል።

በመጽሐፉ ውስጥ ለነገራችን የሚረዳ አንድ ምሳሌ አለ። ከአውሬ የሚሸሽ ሰው ወደ ጉድጓድ ሲወድቅ የዛፍ ቅርንጫፍ ይይዛል። ከበታቹ ዘንዶ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል፤ የቀንና የሌሊት አምሳል የሆኑ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር አይጥ የዛፉን ሥር ይቆረጥማሉ፤ እርሱ ግን ከቅርንጫፉ የሚንጠባጠበውን ማር ሲልስ ሁሉን ይረሳል። ይህ ምሳሌ ፊልም ቢሆን ኖሮ ከአስፈሪው ወገን ነው ወይስ ከተመስጦው? የፊልም ነጋዴ ሁለቱን እንደ ሸቀጥ ለያይቶ ይሸጣቸዋል፤ በቡድሃ ትምህርት ግን ሥራቸው አንድ ነው፤ ይኸውም መከራ የሚወለደው አላፊውን ነገር አጥብቆ ከመያዝ ነው የሚለው ነው። ሙት የሚያስፈራው መልቀቅ ስላልቻለ ነው፤ መናኙም ጸጥ የሚለው መልቀቅን ስለሚማር ነው።

ከአስፈሪዎቹ ለእኛ ጥናት እጅግ የሚጠቅመው ማሳኪ ኮባያሺ በ1964 ያዘጋጀው «ክዋይዳን» ነው። ላፍካዲዮ ኸርን ከሰበሰባቸው የጃፓን ተረቶች የተወሰዱ አራት ታሪኮች አሉት፤ ከእነዚህም አንዱ ቢዋ የተባለውን ባለ ክር መሣሪያ የሚመታው የዕውሩ የሆይቺ ታሪክ ነው። በ1185 በባሕር ጦርነት ያለቁት የሄይኬ ወገን ሙታን ፍጻሜያቸውን እንዲያዜምላቸው ሌሊት ሌሊት ይጠሩታል። የገዳሙ አለቃ ሊያድነው ብሎ ከደቀ መዝሙሩ ጋር በገላው ሁሉ ላይ ቅዱስ ጽሑፍ ይጽፍበታል፤ ጆሮዎቹ ግን ይረሳሉ። የመጣው ሙት ከሰውየው ሁለት ጆሮ ብቻ ስለሚታየው እነርሱን ቦጭቆ ይሄዳል።

ኢትዮጵያዊ ሊቅ ይህን ሲያይ ክታብን ያስባል። ደብተራው ብራናውን በባለቤቱ ቁመት ልክ የሚያዘጋጀው ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቀው ነው፤ የሱስንዮስንና የውርዝልያን ታሪክ፣ መርበብተ ሰሎሞንንም ይጽፍበታል። ጽሑፍ አካልን ሊያለብስ ይችላል የሚለው አሳብ በሁለቱም አገር አንድ ነው። የተጻፈው ግን ይለያያል። የእኛ ክታብ የሚሠራው በአስማት፣ ማለት በስም ኃይል ነው። በሆይቺ ገላ ላይ የተጻፈው «የልብ ሱትራ» ግን ግዙፉ ነገር ሁሉ ባዶ መሆኑን፣ ዓይንም ጆሮም አፍንጫም በራሱ የቆመ ህላዌ እንደሌለው የሚያስተምር ነው። ጆሮን የሚክደው ጽሑፍ ከጆሮ ላይ ሳይጻፍ ቀረ፤ የታሪኩም ምሬት በእኔ አስተያየት ከዚህ ላይ ነው።

በዚያው ዓመት ካኔቶ ሺንዶ ባወጣው «ኦኒባባ» ምራቷን ለማስፈራራት የጋኔን ጭንብል ያጠለቀች አማት ጭንብሉ ከፊቷ አልላቀቅ ይላታል። በጥንቱ የስብከት ተረት ምራቲቱ የምትሄደው ወደ ቤተ መቅደስ ነበር፤ ሺንዶ ወደ ወንድ ቤት አዞራት። ከስብከቱ የተረፈው የጭንብሉ መጣበቅ ነው።

የታይላንዱ ኖንዚ ኒሚቡት በ1999 ያዘጋጀው «ናንግ ናክ» ከዚህ ይለያል። ናክ ባሏ ዘምቶ ሳለ በወሊድ ሞታ፣ ሲመለስ ግን እንደ ሕያው ሚስት የምትቀበለው ሴት ናት። ጠንቋይ ሊያጠፋት ይሞክራል፤ አይችልም። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ መቃብሯ ዘንድ ሄዶ በቀስታ ያነጋግራታል፤ ባሏንም ተሰናብታ ትሄዳለች። በእኛ አገር በጠበል ቦታ መንፈሱ ስሙን እንዲናገር ይገደዳል፤ ለፍልፎም ይወጣል፤ እርሱ የበሽተኛው ጠላት ነውና። ናክ ግን በሽተኛዋ ራሷ ናት።

ከጸጥተኛው ወገን በ1956 የወጣውን የኮን ኢቺካዋን «የበርማ በገና» ማንሣት ይበቃል። ወታደሩ ሚዙሺማ ለማምለጥ ሲል የመነኩሴ ልብስ ሰርቆ ይለብሳል፤ በመንገድ ያልተቀበሩ ሬሳዎችን ካየ በኋላ ግን ልብሱ እውነት ሆኖበት፣ ጓደኞቹ ወደ ጃፓን ሲመለሱ ሙታንን ሊቀብር በበርማ ይቀራል። ይዋስፍም የበረላምን ሻካራ ልብስ ተቀብሎ ነበር። የኢትዮጵያ መነኩሴም በሚመነኩስበት ጊዜ ለዓለም የሞተ ነውና የሙታን ጸሎት ይደርስበታል።

ይህ መመሳሰል ግን ሊያታልለን አይገባም። ታሪኩ ክርስቲያን ሲሆን ዳግም መወለድ የሚለው ትምህርት ወጥቶ በስፍራው ትንሣኤና ፍርድ ገብቷል። በ2010 በካን ከተማ ታላቁን ሽልማት ያገኘው የአፒቻትፖንግ ዊራሴታኩል ፊልም፣ ያለፈ ሕይወቱን ስለሚያስታውሰው ስለ ቡንሚ የሚተርከው፣ የሞተችን ሚስት ያለ ምንም ጩኸት ከእራት ገበታ ያስቀምጣታል፤ ይህን ከይዋስፍ መጽሐፍ ተነሥቶ መረዳት አይቻልም።

ቃና ቴሌቪዥን በ2016 የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ ነገሩ የመጻሕፍት ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለውን ፊልም ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው አባ ዕንባቆም የቆሙበት ስፍራ ላይ ይቆማል። ጸንታ የምትኖር ነፍስ የለችም ለሚል ትምህርት «ነፍስ» የሚለውን ቃል፣ ለሥራ ፍሬም «ኃጢአት» የሚለውን ቢያኖር ንግግሩ ይሰምራል፤ ትምህርቱ ግን ይጠፋል። ናክንም «ጋኔን» ብሎ ቢጠራት፣ መነኩሴው ለምን እንዳላባረራት ተመልካቹ ሊገባው አይችልም።