ንጹሕ ክፍል ለምን ይጮኻል?

የቀዶ ሕክምና ክፍል ከሆስፒታል ክፍሎች ሁሉ ጸጥ ያለው ይመስለናል። በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ተካሂዶ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን ሌላ ነው የሚለው። በአጥንት ቀዶ ሕክምና ወቅት አማካይ ድምፁ 66 ዴሲቤል ገደማ ነበር፤ አልፎ አልፎም ከ100 ዴሲቤል ይዘል ነበር። ሁለት ሰዎች በአንድ ሜትር ርቀት ሲያወሩ ድምፃቸው 60 ዴሲቤል ያህል ነው። እንግዲህ አፋቸውን በጭምብል የሸፈኑ ባለሙያዎች የመድኃኒት ስምና መጠን የሚነጋገሩት ከድምፃቸው በሚበልጥ ጫጫታ ውስጥ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ኤትየን ሎምባር በ1911 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ሰው ጫጫታ ሲበዛበት ሳያስበው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ጫጫታ ጫጫታን ይወልዳል።

የችግሩ አንዱ ምንጭ ንጽሕናው ራሱ ነው። ግድግዳው፣ ወለሉና ጣሪያው በፀረ ጀርም እንዲታጠቡ ጠንካራና ለስላሳ ተደርገው ይሠራሉ፤ መጋረጃም ምንጣፍም አይገባም። ዕቃ ያልገባበት አዲስ ቤት እንደሚያስተጋባ ሁሉ፣ ይህም ክፍል ድምፅን ከመምጠጥ ይልቅ መልሶ ይወረውራል።

አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ዋላስ ሳቢን ከመቶ ዓመት በፊት ያገኘው ቀመር ነገሩን በቁጥር ያሳያል። ርዝመቱና ስፋቱ 6 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ ባዶ ክፍል ገጾቹ ከድምፁ 3 በመቶውን ብቻ ቢመጥጡ፣ ድምፁ በ60 ዴሲቤል እስኪቀንስ 4 ሴኮንድ ይፈጃል። ከጣሪያው 25 ካሬ ሜትር ያህሉ የድምፁን 80 በመቶ በሚመጥጥ ሰሌዳ ቢሸፈን ግን ጊዜው ከ1 ሴኮንድ በታች ይወርዳል። ሰሌዳው ከማዕድን ቃጫ ይሠራና ጀርም እንዳይቋጥር በሚታጠብ ስስ ፕላስቲክ ይለበጣል።

ሰሌዳው የሚቀንሰው የተንጸባረቀውን ድምፅ እንጂ ከአጥንት መሰርሰሪያው በቀጥታ ጆሮ የሚደርሰውን አይደለም። ስለዚህ ሌሎቹም ምንጮች መታየት አለባቸው። በአሜሪካ ደንብ የክፍሉ አየር በሰዓት ቢያንስ 20 ጊዜ ይለወጣል። ይህን ሁሉ አየር በጠባብ ቱቦ መግፋት ፉጨት ያስከትላል፤ ቱቦው ሲሰፋ ግን አየሩ ረጋ ብሎ ይፈስሳል። አየር መግፊያው ሞተር ራቅ ብሎ በስፕሪንግ ላይ ቢቀመጥ ወደ ሕንፃው የሚተላለፈው ንዝረት ይቀንሳል። ጥብቅ ተንሸራታች በር ደግሞ የኮሪደሩን ግርግር ይቀንሳል።

ቱቦን ማስፋትም ሆነ ሞተርን ማራቅ በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ግን ማፍረስን ይጠይቃል። ሆስፒታል የሚያስገነቡ ሁሉ ንድፉን ከማጽደቃቸው በፊት «ይታጠባል?» ብለው እንደሚጠይቁ፣ «ያስተጋባል?» ብለውም ሊጠይቁ ይገባል።