ቃል ዓይንን ሲመራ

እኛ በጥቅሉ «ሰማያዊ» የምንለውን ቀለም ሩሲያውያን በሁለት ስም ይጠሩታል። ፈዘዝ ያለው «ጎሉቦይ»፣ ጠቆር ያለው «ሲኒይ» ነው። እኛም «ውሃ ሰማያዊ» እንላለን፤ ካልፈለግን ግን «ሰማያዊ» ብለን እናልፋለን። ሩሲያዊው አንዱን መምረጥ ግድ ይለዋል።

ይህ ልማድ ከአንደበት አልፎ ዓይን ላይ ይደርስ እንደሆነ የፈተነ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟል። ተፈታኞቹ ከታች ካሉት ሁለት ሰማያዊ ቀለሞች ከላይኛው ጋር አንድ የሆነውን በፍጥነት እንዲለዩ ተጠየቁ። ሩሲያኛ ተናጋሪዎቹ የሚለዩዋቸው ቀለሞች የተለያየ ስም ሲኖራቸው ፈጠኑ፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ላይ ይህ አልታየም። የሚገርመው ግን ሩሲያኛ ተናጋሪዎቹ በልባቸው ቁጥር እየደጋገሙ እንዲመልሱ ሲደረግ ብልጫቸው መጥፋቱ ነው። ቋንቋቸው በሌላ ሥራ ሲያዝ ዓይናቸውን ማገዝ ተወ ማለት ነው። እርግጥ ብልጫው ከሰከንድ ክፍልፋይ አይዘልም፤ «ስም የሌለው ቀለም አይታይም» የሚሉ ወገኖች ነገሩን አጋነውታል።

ለሕግ ሰው ይህ ምን ይፈይዳል? ፍርድ ቤት የሚደርሰው የታየው ነገር ሳይሆን በቃል የተነገረው ነው። ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች የመኪና አደጋ ፊልም አይተው ስለ ፍጥነቱ ተጠየቁ። ለአንዳንዶቹ መኪኖቹ «ሲጋጩ»፣ ለሌሎቹ «ተላትመው ሲደቃቀሱ» ተባለላቸው። ከሳምንት በኋላ የተሰበረ መስታወት አይተው እንደሆነ ሲጠየቁ «ሲደቃቀሱ» ከተባሉት 50 ሰዎች 16ቱ፣ «ሲጋጩ» ከተባሉት 50 ደግሞ 7ቱ «አዎ» አሉ። በፊልሙ ላይ የተሰበረ መስታወት አልነበረም።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ በአንቀጽ 137፣ ከመስቀለኛ ጥያቄ በስተቀር ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ መሪ ጥያቄ እንዳይቀርብ ደንግጓል። ጥሩ ድንጋጌ ነው፤ የሚመለከተው ግን ችሎቱን ነው። ምስክሩ ችሎት ከመቆሙ አስቀድሞ ለፖሊስ ቃሉን ሰጥቷል። እዚያ «ሰውዬው ቀይ ነው ጠይም?» ቢባል፣ በምሽት ለአፍታ ያየውን ፊት ከሁለቱ አንዱ ውስጥ ማስገባት ሊኖርበት ነው። የአንዱ ሰው ቀይ ዳማ ለሌላው ጠይም መሆኑን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። «ቀይ» የሚለው ቃል መዝገብ ላይ ከሰፈረ በኋላ ተጠርጣሪው ከሌሎች ጋር ተሰልፎ ሲቀርብለት፣ ምስክሩ የሚፈልገው ያየውን ፊት ነው ወይስ «ቀይ» ያለውን?

በእኔ እምነት መርማሪው «መልኩ ምን ይመስል ነበር?» ብሎ ቢጠይቅና የተባለውን ቃል በቃል ቢጽፍ ለዚህ አዲስ አዋጅም ሆነ ተጨማሪ በጀት አያስፈልገውም።