ጉዞ የሚለካው በመጨረሻው ሰው እግር ነው



ሰሞኑን በየመኝታ ክፍሉ የሚወራው ስለ ዕረፍት ጊዜ ጉዞ ነው። ግማሹ «ሰሜን ተራሮች ሄደን ዋልያ እንይ» ይላል፤ ግማሹ ደግሞ «የራሳችን የደቡብ ወሎው ቦረና ሳይንት ፓርክ እያለ ምን ሩቅ ያስኬደናል?» ይላል። ሐሳቡ ግሩም ነው። ነገር ግን ስለ ፎቶግራፉና ስለ ጨዋታው እንጂ ስለ ዝግጅቱ ሲነሣ አልሰማሁም። ስለዚህ በራሳችን ከደረሰው ተነሥቼ ጥቂት ላስረዳ።

ባለፈው ዓመት አሥራ አንድ ሆነን ጦሳ ተራራ ወጣን። ጦሳ እኮ ከደሴ ቀና ባልን ቁጥር የምናየው ተራራ ነው፤ ማን ይፈራዋል? በማለዳ መነሣት ሲገባን አራት ሰዓት ላይ ተነሣን። ለአሥራ አንድ ሰው የያዝነው ውሃ ሁለት ባለ አምስት ሊትር ጄሪካን ነበር። ጉልበት ያለው ወደፊት ገሰገሰ፣ የደከመው ወደኋላ ቀረ። ከሰዓት በኋላ ጉም ሲወርድ ብንቆጣጠር አሥር ሆንን። የጎደለው የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ የለበሰው ስስ ሸሚዝ፣ የተጫማው ነጠላ ጫማ። ስሙን እየጠራን ስንፈልግ መሸ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አንድ እረኛ ልጅ እጁን ይዞ አመጣልን። ጥርሱ እየተንገጫገጨ መናገር አቅቶት ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነ። ጥፋቱ ግን የማንም ሳይሆን የሁላችንም ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ ከዚያ በኋላ የተማርነው የሚከተለውን ነው።

1ኛ/ ቦታውንና መንገዱን ማወቅ

ቦረና ሳይንት ፓርክ ቀድሞ ደንቆሮ ጫካ ይባል የነበረው ነው። ከደሴ በመካነ ሰላም በኩል 200 ኪ.ሜ. ገደማ ስለሚርቅ መሄጃው አንድ ቀን፣ መመለሻው አንድ ቀን ይፈጃል። እንግዲህ ሁለት ቀን ብቻ ያለው ሰው መኪና ውስጥ ተቀምጦ ይመለሳል ማለት ነው። የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1970 ዓ.ም. ከላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ጋር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ ጽ/ቤቱ ደባርቅ ነው። እዚያ ጎብኚ ያለ ታጣቂ ጠባቂ አይገባም፤ የጠባቂው አበልም በመዋጮው ውስጥ ይታሰብ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን የመንገዱን ጸጥታ ከሚመለከታቸው የወረዳ ጽ/ቤቶች መጠየቅ ይገባል። ሰላም ከሌለ ጉዞው ይቆይ፤ ተራራው የትም አይሄድም። ሰላም ከሆነ ከተቋማችን የትብብር ደብዳቤ አጽፎ ለፓርኩ ጽ/ቤት ቀድሞ መላክ ነው።

2ኛ/ ብርዱን በሒሳብ መገመት

አንድ ሺህ ሜትር ሽቅብ በወጣን ቁጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይቀዘቅዛል። ኮምቦልቻ ወደ 1850፣ ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ሲደርስ ሹራብ የሚፈልግ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል፤ ይኸውም አራት ዲግሪ ያህል ነው። የቦረና ሳይንት ደጋማው ክፍል ከ3500 ሜትር በላይ ይሄዳል። ስለዚህ የኮምቦልቻ ልጅ ከለመደው አሥር ዲግሪ በላይ የቀዘቀዘ አየር ይጠብቀዋል፤ ያውም ንፋሱ ሳይጨመር።

ጋቢ ደረቅ ሲሆን ይሞቃል፤ ከረጠበ ግን ሸክም ብቻ ነው። የበግ ጸጉር ባና ግን ረጥቦም ቢሆን ጥቂት ሙቀት ይይዛል። ድንኳን ውስጥ ደግሞ ብርዱ የሚገባው ከመሬት ስለሆነ ከላይ ለመደረብ ብቻ አትጨነቁ፤ ከሥር የሚነጠፍም ያዙ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው ተጨማሪ ከፍታ አይውጣ፤ ካልተሻለው ወደ ታች መውረድ ነው መድኃኒቱ።

3ኛ/ ሰዓቱን መቁጠር

ናይስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ቀላል ደንብ አለ። ለእያንዳንዱ 5 ኪ.ሜ. አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ይቆጠራል። መንገዱ 12 ኪ.ሜ.፣ ሽቅቡ 900 ሜትር ቢሆን አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ይህ ለጠንካራ ሰው ነው፤ ዕረፍትና ሸክም ሲጨመር ስድስት በሉት። ጀንበር በአገራችን አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ስለምትጠልቅ ድንኳኑ ቢዘገይ አሥር ሰዓት ላይ ይተከል። የመመለሻ ሰዓትም አስቀድሞ ይወሰን። ጫፉ ላይ ባንደርስም ሰዓቱ ሲደርስ እንመለሳለን፣ አለቀ።

4ኛ/ ስንቅና ውሃ

በከፍታ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ይሁን እንጂ ቶሎ አያበስልም። በ3500 ሜትር ላይ የሚፈላው 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ የባቄላ ንፍሮ ስትጠብቁ ይነጋል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ጭኮ ግን እሳት አይጠይቁም፤ አያቶቻችን ለመንገድ የመረጧቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ለአንድ ሰው በቀን ሦስት ሊትር ውሃ ይታሰብ። የምንጭ ውሃ ከሆነ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ እሳት ላይ ይቆይ።

5ኛ/ ለባለቤቶቹ መጠንቀቅ

በቦረና ሳይንት ጭላዳ፣ የምኒልክ ድኩላና ቀይ ቀበሮ ይኖራሉ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በስተቀር በዓለም ላይ የትም የለም፤ አዋቂዎቹ 500 ገደማ ቢሆኑ ነው። ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ መንጋውን ይፈጃል፤ ስለዚህ ውሻ አስከትሎ መሄድ አይገባም። አስታ ደግሞ እንደ ገለባ ይነዳል። እሳት የምናነደው ጠባቂው ባሳየን ቦታ ብቻ፣ ማገዶውም ከፓርኩ የተለቀመ አይሁን።

6ኛ/ የቡድኑ ሕግ

መሪ ይመረጥ፤ ከኋላም አንድ ጠንካራ ሰው ይመደብ፤ ከእሱ በስተኋላ ማንም አይቅር። ደካማው ከፊት ይሁን፤ ፍጥነቱን እሱ ይወስን። በየዕረፍቱ ቆጠራ ይደረግ። ፊሽካ ለሁሉም ይታደል።

አንዳንዱ «ይህ ሁሉ ለሽርሽር?» ይል ይሆናል። እኛ ግን ነገ መምህራን ነን። በተመደብንበት የገጠር ት/ቤት አርባ ሕፃናት አስከትለን ተፈጥሮን ልናስተምር ተራራ እንወጣለን። ያን ጊዜ የሚጎድለው የሰው ልጅ፣ መልስ የሚጠየቀውም መምህሩ ነው። ስለዚህ ሩቁን ከማሰባችን በፊት የደሴዎቹ በጦሳ፣ የኮምቦልቻዎቹ በየጎፍ አንድ ቅዳሜ እንለማመድ። የዚያ እረኛ ልጅ ውለታ የሚመለሰው ሁለተኛ እንዳያስፈልገን በመዘጋጀት ይመስለኛል።

ከአንድ ሰልጣኝ መምህር