ነጩን ነጭ የማድረግ ሙያ

ስቲል ላይፍ ግዑዝ ነገሮችን ጠረጴዛ ላይ አሰናድቶ በሥዕል ወይም በፎቶግራፍ የማስቀረት ጥበብ ነው። የበረዶው ወቅት ስቲል ላይፍ የራሱ ዕቃዎች አሉት፤ የጥድ ፍሬ፣ በከፊል የተላጠ መንደሪን፣ የበራ ሻማ፣ እንፋሎቱ የሚታይ የሻይ ብርጭቆ፣ ከኋላ ውርጭ የለበሰ የመስኮት መስታወት። በእኛ ቋንቋ ክረምት ሲባል የሚታሰበው ዝናብና ጭቃ ነው። በረዶ የምንለውም ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠር፣ ፍሪጅ ውስጥ የረጋውን ውሃ፣ እንደ ተነደፈ ጥጥ የሚዘንበውንም ሁሉ ነው፤ እዚህ ላይ በረዶ ስል ጥጥ የሚመስለውን ማለቴ ነው። እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ በኮምፒውተር ሲቀናበር ብዙ ሰው «ፎቶሾፕ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ቃሉ የሐሰት ሌላ ስም እስከመሆን ደርሷል። እኔ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው እላለሁ። በበረዶ ፎቶግራፍ ላይ አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን የሚያጎድለው ያልተቀናበረው ነው፤ ማቀናበር ካሜራው ጀምሮ የተወውን ሥራ መጨረስ ነው።

ማስረጃው ከብርሃን መለኪያው ይጀምራል። ካሜራ ውስጥ ያለው መለኪያ ፊቱ የተቀመጠው ነገር ምን እንደሆነ አያውቅም። የሚያየው ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ እንዲገምት ተደርጎ ተሠርቷል፤ ይህም በተለምዶ ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶውን የሚመልስ ግራጫ ነው ይባላል። ለጎዳና፣ ለሣር፣ ለግንብ ግምቱ ይሠራል። አዲስ የወረደ በረዶ ግን ካረፈበት ብርሃን 80 በመቶና ከዚያም በላይ ይመልሳል። መለኪያው ይህን ሲያይ ብርሃን የበዛ ይመስለውና ይቀንሳል፤ በረዶውም የምድጃ አመድ መስሎ ይወጣል። ፎቶ አንሺው ከአንድ እስከ ሁለት ስቶፕ ካልጨመረ፣ ማለትም ብርሃኑን ሁለት ወይም አራት እጥፍ ካላደረገው፣ ነጩ ነጭ አይሆንም። ቀለሙም እንዲሁ ነው። የሻማ ብርሃን የቀለም ሙቀት 1,900 ኬልቪን አካባቢ ነው፤ ወደ ብርቱካናማ ያደላል። ከጠራ ሰማይ ሥር ያለ ጥላ ከ7,000 ኬልቪን በላይ ይደርሳል፤ ሰማያዊ ነው። ዐይናችን ከሻማው ወደ መስኮቱ ሲዞር ሳይታወቀን ራሱን ያስተካክላል። ካሜራው ግን ለመላው ምስል አንድ ሚዛን ብቻ ይመርጣል፤ ሻማውን ካስተካከለ በረዶው ቀለም ውስጥ የተነከረ ይመስላል፣ በረዶውን ካስተካከለ ሻማው እሳት የተነሳ ያስመስላል። ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ሁለቱንም በልካቸው ያየ ሰው ከሁለቱ ፎቶግራፎች አንዱንም «ያየሁት ይህን ነው» ሊል አይችልም።

«ከካሜራው እንደወጣ» የሚባለው ምስልም ቢሆን ሲመረመር ንጹሕ ሆኖ አይገኝም። የኮዳክ ባልደረባ የነበረው ብራይስ ባየር በ1976 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የፈጠራ መብት ያገኘበት ዘዴ ዛሬም በአብዛኞቹ ዲጂታል ካሜራዎች ውስጥ አለ። ብርሃን ተቀባዩ ሰሌዳ በጥቃቅን ማጣሪያዎች ይሸፈናል፤ ግማሾቹ አረንጓዴ፣ ሩብ ያህሉ ቀይ፣ ሩብ ያህሉ ሰማያዊ ናቸው። እያንዳንዷ ነጥብ የምትመዘግበው አንድ ቀለም ብቻ ስለሆነ የቀሩት ሁለቱ ከጎረቤት ነጥቦች ተሰልተው ይሞላሉ። ፎቶው ላይ ካሉት የቀለም ቁጥሮች ሁለት ሦስተኛው በቀጥታ አልተለካም፤ ተገምቷል ማለት ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ምስሉ መቀናበሩ አይደለም፤ ያቀናበረው በካሜራው ውስጥ የተጫነው ቀመር ነው ወይስ ነገሩን በዐይኑ ያየ ሰው የሚለው ነው። ሮው የሚባለው ጥሬ ፋይል የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። ባለ14 ቢት ሮው ለእያንዳንዱ ቀለም 16,384 የብርሃን እርከን ሲይዝ፣ የተለመደው ጄፔግ የሚይዘው 256 ብቻ ነው። ሰሌዳው ብርሃንን እንደ መጠኑ ስለሚቆጥር፣ ከነዚያ እርከኖች ግማሾቹ፣ 8,192ቱ፣ የሚገኙት በደማቁ የመጨረሻ ስቶፕ ላይ ነው፤ በረዶ ተኝቶ የሚገኘውም እዚያው ነው። የውርጩ ቅርንጫፍ፣ የበረዶው ቅንጣት፣ የነጭ ጨርቅ እጥፋት፣ ሁሉም በዚያ ጠባብ ስፍራ ተከማችቷል። ካሜራው ቸኩሎ ጄፔግ ሲያደርገው ከዚህ ሀብት አብዛኛው ይጣላል። ብርሃኑ ከልክ ካለፈ ግን ሮውም አያድንም፤ ነጥቧ ሞልቶ እንደፈሰሰ እንስራ ናት፣ የፈሰሰው አይለቀምም።

አቀማመጥን በተመለከተ ኮምፒውተር የሚያግዘው ጥቂት ነው። ብርሃኑ ከጎን፣ ዝቅ ብሎ እንዲመጣ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ ማስጠጋት፣ ሰፊ ቀዝቃዛ ቦታ ትቶ ሙቁን ቀለም ትንሽ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ይህ ሁሉ ሾተሩ ከመጫኑ በፊት ያልቃል። የ17ኛው ክፍለ ዘመን የሃርለም ሠዓሊ ቪለም ክላስ ሄዳ በግራጫና ቡናማ ብቻ ሊባል በሚችል ቀለም የተሞላ ማዕድ ሥሎ፣ የተላጠ ሎሚ ሲያስገባ ዐይን ወዲያው ወደዚያ ይሄዳል። የበረዶ ስቲል ላይፍ መንደሪንም ሥራው ይኸው ነው። ሦስት መንደሪን ከተደረገ የገበያ ፎቶ መሆን ይጀምራል።

ከዚያ ወዲያ ያለው የኮምፒውተሩ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል። አቀናባሪው ምስሉን ሌየር በሚባሉ ተደራራቢ ገጾች ይከፋፍላል፤ ማስክ በሚባለው መሸፈኛ የሻማውን ዙሪያ ለብቻ፣ መስኮቱን ለብቻ ይዞ ለእያንዳንዱ የራሱን የቀለም ሚዛን ይሰጠዋል። የጥድ ፍሬውን ጫፎች ጥቂት ያበራል፣ የጠረጴዛውን ጥግ ጥቂት ያጨልማል። በረዶው ላይ ያረፈውን ጥላ ሰማያዊነት ፈጽሞ አያጠፋውም፤ ጥላውን የሚያበራው ሰማይ ስለሆነ ሰማያዊነቱ የዕለቱ እውነት ነውና። የሚወርድ በረዶ ካስፈለገው ቅንጣቶቹን በጥቁር ጨርቅ ፊት ለብቻ ያነሳና ስክሪን በሚባለው አደራረብ ከላይ ያስቀምጣቸዋል፤ ጥቁሩ ይጠፋል፣ ነጩ ይቀራል። የውርጭ መስታወት ወይም የአሮጌ ወረቀት ፎቶም መልቲፕላይ በሚባለው አደራረብ ደርቦ ሸካራነት ሊሰጠው ይችላል። ጀማሪ የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ለሌንሱ የቀረበ ቅንጣት ትልቅና ደብዛዛ፣ የራቀው ትንሽ መሆን አለበት፤ ሁሉም እኩል ከሆኑ ተመልካቹ ምክንያቱን መናገር ባይችልም አያምንም። ብርጭቆው ላይ የሚያንጸባርቀው መስኮት በግራ ከሆነ ጥላው ወደ ቀኝ መውደቅ ግድ ነው። የተጨመረ ሻማ ብርሃኑን በአጠገቡ ባለው ዳቦ ላይ ካልጣለ ሻማው አልበራም ማለት ነው። የዚህ ሙያ ሕግ አንድ ነው፤ የፈለግኸውን ጨምር፣ ነገር ግን ሁሉም በአንድ ብርሃን ሥር ይደር።

ያልነበረ ቅንጣት ማስገባት ውሸት አይደለም ወይ የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው። ለዜና ፎቶግራፍ መልሱ አጭር ነው፤ ውሸት ነው፣ ሊፈቀድም አይገባም። ዜና ይህ በዚህ ቦታ ሆነ ብሎ ይመሰክራል። ስቲል ላይፍ ግን ጠረጴዛው ከመጀመሪያው በሰው እጅ የተሰናዳ ስለሆነ እንዲህ ያለ ምስክርነት ሰጥቶ አያውቅም። አምብሮሲየስ ቦስሃርት በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በየወቅታቸው የሚያብቡ አበቦችን፣ የፀደዩን ቱሊፕና የበጋውን ጽጌረዳ፣ በአንድ ማሰሮ ሥሏል፤ አታላይ ያለው ግን የለም። በ1850ዎቹም ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ ባሕርን በአንድ ኔጋቲቭ፣ ሰማይን በሌላ አንስቶ በአንድ ወረቀት ላይ ያትም ነበር። የዘመኑ ሰሌዳ ለሰማያዊ ብርሃን እጅግ ስሱ ስለነበር ሰማዩ ባዶ ነጭ ሆኖ ይቀርበት ነበርና ነው። የእሱ ችግር ሻማንና በረዶን አንድ ላይ ከሚያነሳው ሰው ችግር ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ መሣሪያው ዐይን የሚችለውን አልቻለም።

ሌሎች ደግሞ ታላላቆቹ ያለ ኮምፒውተር ሠርተዋል ብለው ዮሴፍ ሱዴክን ይጠቅሳሉ። ሱዴክ በ1896 የተወለደ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቀኝ እጁን ያጣ ቼክ ነው። ፕራግ ውስጥ የስቱዲዮውን መስኮት ከ1940 እስከ 1954 ደጋግሞ አንስቷል፤ ጭጋግ የለበሰ መስታወት፣ አንድ ብርጭቆ፣ ከውጭ የተጠማዘዘ ዛፍ። እውነት ነው፣ ኮምፒውተር አልነበረውም። ነገር ግን ወረቀቱን ይመርጥ ነበር፣ ጥቁሩ ምን ያህል እንደሚጠልቅ ይወስን ነበር፣ አንዳንዱን ሥራውንም አድካሚ በሆነ የፒግመንት ዘዴ ያትም ነበር። ይህ ሁሉ ማቀናበር ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ በአንድ መንካት በረዶ የሚያዘንበው ማጣሪያና ምስሉን ከባዶ የሚያመነጨው ሰው ሠራሽ አስተውሎት። እነዚህ የሚሰጡት ውርጭ ያማረ ሊሆን ይችላል፤ ግን በዚያ መስኮት፣ በዚያ ሰዓት ማንም አላየውም፤ ስለዚህ ልክነቱ የሚመሳከርበት ነገር የለም። አቀናባሪው ግን ትዝታው ሚዛኑ ነው፤ ሰማያዊው በዛ፣ ነጩ አነሰ የሚለው አይቶ ነው።

በሚኒሶታ፣ በስቶክሆልም ወይም በሌላ የበረዶ አገር የምትኖሩ አንባቢዎች ይህን ለመሞከር ውድ ካሜራ አያስፈልጋችሁም፤ ሮው የሚይዝ ስልክ ይበቃል። ጥር ሳያልቅ ጠረጴዛችሁን ወደ መስኮቱ አስጠጉ፣ ብርሃኑን አንድ ስቶፕ ጨምራችሁ አንሱ፣ ያያችሁትን ሳትረሱት በዚያው ቀን አቀናብሩ፤ ጥሬውን ፋይል ግን አታጥፉት።