ብቻውን የተሰደደ ልጅ ወዴት ይላካል?

ወላጅ ሳይኖረው ብቻውን ወደ ባዕድ አገር የተሰደደን ልጅ ማን ይረከበዋል? የደረሰበት አገር «ወደ ሌላው ሂድ» ቢለውስ? ልጅ የተሰደደበት ቤተሰብ ሁሉ ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ብዙ የአውሮፓ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1990 አንድ ውል ተፈራረሙ። የተፈረመው ደብሊን በምትባል የአየርላንድ ከተማ ስለሆነ «የደብሊን ውል» ተባለ። ዓላማው የአንድን ጥገኝነት ጠያቂ ጉዳይ አንድ አገር ብቻ እንዲያየው ነው። በዚህም መሠረት በኢጣልያ አመልክቶ ወደ ሌላ አገር ያለፈ ሰው ወደ ኢጣልያ ሊመለስ ይችል ነበር።

ልጅ ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል። ከአገር አገር ሲመላለስ ትምህርቱ ይቋረጣል። የለመደው ሰው ይርቀዋል። ጉዳዩንም እንደገና ከሀ ይጀምራል።

ይህ ነገር ፍርድ ቤት ደርሷል። ሁለት የኤርትራ ልጆችና አንድ የኢራቅ ኩርድ ልጅ፣ በዚያን ጊዜ የአውሮፓ ኅብረት አባል በነበረችው እንግሊዝ ጥገኝነት ጠየቁ። ኤርትራውያኑ አስቀድመው በኢጣልያ፣ ኩርዱም በሆላንድ አመልክተው ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ወደዚያው ልመልሳችሁ አላቸው። እነሱም ተከራከሩ። የኅብረቱ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ሲፈርድ፣ በኅብረቱ አገሮች ዘመድ የሌለው ልጅ ጉዳዩ አመልክቶ በሚገኝበት አገር ይታይለት፣ ያለ በቂ ምክንያትም አይንከራተት አለ።

እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ኅብረቱ ሌላ ሕግ አወጣ። ሥራ ላይ እንዲውል የተወሰነውም ከ2026 ጀምሮ ነው። በዚህ ሕግ ዘመድ የሌለውን ልጅ ጉዳይ የሚያየው መጀመሪያ የመዘገበው አገር ነው። ይህም የሚሆነው ለልጁ የሚበጀው ከሆነ ነው።

መላክ ሁሉ ክፉ አይደለም። እናቱ፣ ወንድሙ ወይም አጎቱ በሌላ የኅብረቱ አገር በሕጋዊ መንገድ የሚኖሩ ከሆነ፣ ልጁ ወደ እነሱ የሚሄድበት መንገድ በሕጉ አለ። ነገር ግን ዘመድ መኖሩን ካልተናገረ ማን ያውቅለታል? ሳይዘገይ መናገር አለበት። ዝምድናውም ይጣራል። ስለዚህ እኛ አገር ቤት ያለን ሰዎች የዘመዱን ሙሉ ስም፣ የሚኖርበትን ከተማና ስልኩን ጽፈን እንያዝ፤ ለልጁም እናድርስለት። ፊደል መቁጠራችን እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ልጅ ሊላክ ነው ሲባል ሁላችንም አስቀድመን እንጠይቅ፦ እዚያ ሲደርስ የሚቀበለው ማን ነው?